ከሐዋሳ ወደ ሲሼልስ፦ በደሴቶቹ መካከል በፌሪ ስለመጓዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጫጉላ ሽርሽር የሚያስቡ ሙሽሮችም ሆኑ የዓመት ፈቃዳቸውን ያጠራቀሙ የሐዋሳ ሰዎች ስለ ሲሼልስ ሲጠይቁኝ ወሬው ሁልጊዜ ከሆቴል ይጀምራል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ፌሪው እመልሳቸዋለሁ። እዚያ አገር ዕቅድ የሚወጣው ጀልባው በሚነሳበት ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑም፣ አልጋውም፣ አንዳንዴ ቁርሱም ሳይቀር ለእሱ ይታዘዛል።

ሲሼልስ የት ነው ያለችው? ፌሪ ለምን አስፈለገ?

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተምሥራቅ። ከመቶ በላይ ደሴቶች ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ሁሉም ተደምሮ 100 ሺህን ጥቂት ያለፈ ስለሆነ ከሐዋሳ ከተማ ሕዝብ ያንሳል። አብዛኛው ሰው የሚኖረው ማሄ በምትባለው ትልቋ ደሴት ላይ ነው። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም፣ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው ናቸው። ሰው በፎቶ አይቶ የሚጓጓላቸው የባሕር ዳርቻዎች ግን አብዛኞቹ ከማሄ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ፕራስሊንና ከፕራስሊን ጎን ባለችው ትንሿ ላ ዲግ ላይ ስለሆኑ ባሕሩን መሻገር ግድ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ሲሼልስ ከየትኛውም አገር የመጣን ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፓስፖርቱን ይዞ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል፤ እንደዚያም አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላትና ክፍያውን መክፈል አለባችሁ። የደርሶ መልስ ትኬት፣ ለቆይታችሁ የሚበቃ ገንዘብና ለእያንዳንዱ ሌሊት የተያዘ ማረፊያ ይጠየቃል። «እያንዳንዱ ሌሊት» የሚለውን አስምሩበት። ሁለት ሌሊት ማሄ ይዤ የቀረውን እዚያው ደርሼ አፈላልጋለሁ የሚል ሰው ገና ቦሌ ላይ ሊቸገር ይችላል። ድንኳን ይዞ ባሕር ዳር ማደርም አይፈቀድም።

ሁለተኛው ነገር ቢጫ ካርዱ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ የሚነሳ መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥበት ጉዳይ አይደለም። አንዴ የተከተበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ያገለግለዋል። እግረ መንገዴን፦ ሲሼልስ ላይ ወባ የለም። ለሐዋሳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሐዋሳ ማሄ እንዴት ይደረሳል?

እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ወይም በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ያህል። ከቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ማሄ ይበራል፤ በረራው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በየዕለቱ ላይኖር ስለሚችል መጀመሪያ የበረራውን ቀን፣ ቀጥሎ የፌሪውን ሰዓት፣ ከዚያ አልጋውን ያዙ። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደሩ ይሻላል። ሻሸመኔ ላይ መንገድ ቢጨናነቅ አውሮፕላኑ አይጠብቅም።

አውሮፕላኑ ባረፈበት ቀን ፌሪውን መያዝ ይቻላል?

በረራው ቀን ከገባ አዎ፣ አመሻሽ ላይ ከገባ አይቻልም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ቪክቶሪያ ያለው የፌሪ ወደብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በታክሲ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ጊዜ የሚበላው ኢሚግሬሽኑና ሻንጣው ነው። አውሮፕላኑ ካረፈበት እስከ ፌሪው መነሻ ሦስት ሰዓት ያህል ቢኖራችሁ ያለ ጭንቀት ትደርሳላችሁ። ካልሆነ ቪክቶሪያ ወይም እዚያው ማሄ ላይ ባለችው የባሕር ዳርቻ ቦ ቫሎን አድራችሁ ጠዋት ተነሱ።

ገንዘብ የማያሳስበው ሰው ከማሄ ፕራስሊን በትንሽ አውሮፕላን መሄድ ይችላል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ላ ዲግ ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ወደ እሷ በውኃ ነው።

ከመሄዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት መመለሱ ነው። ከፕራስሊን ወይም ከላ ዲግ ተነስታችሁ በዚያው ቀን የአዲስ አበባውን አውሮፕላን ለመያዝ አታስቡ። ባሕሩ ሲናወጥ ፌሪው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። የመጨረሻዋን ሌሊት ማሄ እደሩ።

የፌሪው ሰዓት አቆጣጠር ግራ ያጋባል?

ፌሪ ካመለጣቸው የአገራችን ሰዎች አብዛኞቹ ያመለጣቸው ተኝተው አይመስለኝም። ትኬቱ ላይ 07:30 የሚል ካለ ከጠዋቱ 1:30 ነው። 16:00 ካለ ከቀኑ 10 ሰዓት። በዚህ ላይ ሲሼልስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሐዋሳ ገና 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ 2 ሰዓት ሆኗል። ስልካችሁ ራሱን ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓት ግን አያስተካክልም። ባልና ሚስት ሆናችሁ አንዳችሁ በስልክ፣ ሌላችሁ በእጅ ሰዓት የምትመሩ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ወደብ ላይ ከመነሻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ መገኘት አለባችሁ። በሩ ሲዘጋ ይዘጋል፤ «ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ» አይሠራም።

ፌሪዎቹ የትኞቹ ናቸው? ጉዞውስ ምን ይመስላል?

ሁለት ስሞችን ያዙ። ካት ኮኮስ ከማሄ ፕራስሊን የሚሄደው ትልቁ ፈጣን ጀልባ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንዳንዱ ጉዞ ከፕራስሊን አልፎ ላ ዲግ ድረስ ይቀጥላል። ካት ሮዝ ደግሞ በፕራስሊንና በላ ዲግ መካከል ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው ነው፤ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ሁለቱም ፕራስሊን ላይ የሚቆሙት ቤ ሴንት አን በሚባለው ወደብ ስለሆነ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው መግባት ቀላል ነው።

ካት ኮኮስ ውኃው ላይ የሚያርፉ ሁለት አካሎች ጎን ለጎን ያሉት፣ ካታማራን የሚባለው ዓይነት ነው። ትልልቅ ሻንጣዎችን ሠራተኞቹ ወደብ ላይ ተቀብለው ለብቻ ይጭናሉ፤ ፓስፖርት፣ ገንዘብና መድኃኒት ግን ከእጃችሁ አይውጣ። ውስጡ እንደ አውሮፕላን ወንበር ተደርድሯል፤ ማቀዝቀዣው ስለሚበረታ ሹራብ ወይም ነጠላ ያዙ፣ ሳቅ አይደለም። ከወደቡ ሲወጣ በቅርብ ያሉት ትናንሽ ደሴቶች ነፋሱን ስለሚከልሉ ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ልጆች ወንበር ለወንበር ይሯሯጣሉ። ደሴቶቹ ወደ ኋላ ሲቀሩና ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ነገሩ ይለወጣል፤ የጀልባው አፍንጫ ከፍ ብሎ ይወርዳል፣ መስኮቱ በውኃ ይታጠባል፣ ሲሯሯጡ የነበሩት ልጆች እናታቸው እቅፍ ውስጥ ይገባሉ። ይሄኔ ከሠራተኞቹ አንዱ በመተላለፊያው መካከል ምንም እንዳልተፈጠረ እየተራመደ የወረቀት ከረጢት ማደል ይጀምራል። የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስቀው፣ ከመነሳታቸው በፊት በጣም ሲያወሩ የነበሩት መጀመሪያ እጃቸውን መዘርጋታቸው ነው።

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀልባ ስሳፈር ምንም አይለኝም። ባሕሩ ያመኛል?

ጥቁር ውኃ ድረስ ጉማሬ ለማየት በጀልባ የሄደ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ መልሱ ግን ከሐይቁ አይገኝም። ሐይቃችን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ነው። የውቅያኖሱ ማዕበል ረጅም ነው፤ ጀልባውን ቀስ ብሎ ያነሳዋል፣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ጨጓራን የሚያውከው ይህ ቀስታው ነው።

ዋናው ነገር የምትሄዱበት ወር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም አካባቢ ከደቡብ ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩ የሚናወጠው ያኔ ነው፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ሙቀቱና ዝናቡ ይበዛል። ነፋሱ አቅጣጫ በሚቀይርባቸው ሁለት ወቅቶች፣ ማለትም በሚያዝያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ውኃው ይረጋል፣ ሲጠልቁም ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዚህ ተነስቼ ለሙሽሮች የምለው አለኝ። ጥር የሠርጋችን ወር ነው፣ ሲሼልስ ላይ ግን ከዓመቱ ዝናባማ ወሮች አንዱ ነው። ዝናቡ የአገራችንን ክረምት ያህል የሚያዘልቅ አይደለም፣ ወርዶ ያባራል፤ ነገር ግን ለፎቶ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ በጥር ተሞሽራችሁ ጫጉላውን ለሚያዝያ ብታቆዩት ማንም አይከሳችሁም። ከፋሲካ በኋላ የሚሞሸሩት ዕድለኞች ናቸው።

ለሕመሙ፦ ከታችኛው ፎቅ ወደ ኋላ ያለውን መካከለኛ ወንበር ያዙ፤ እዚያ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ሩቁን አድማስ ተመልከቱ። ስልክ ላይ አታፍጥጡ። ቁርስ አትዝለሉ፣ ግን ደረቅና ቀለል ያለ ይሁን። የባሕር ሕመም ክኒን የሚሠራው ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የዋጡት ብዙ አይረዳም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ትኬቱ ስንት ነው? በብር ካርድ መክፈል ይቻላል?

ለውጭ ዜጋ ዋጋው በዩሮ የተተመነ ነው፤ ከማሄ ፕራስሊን አንድ መንገድ በቅርብ ዓመታት ከ50 ዩሮ ከፍ ብሏል። የአገሩ ነዋሪ የሚከፍለው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው «እኔ ይህን ያህል ነው የምከፍለው» ቢላችሁ በእሱ አታስሉ። የካት ሮዝ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

ትኬቱን ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛቱ ይመረጣል፤ የሚከፈለው ግን በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። የብር ሂሳብ ካርድ ብቻ ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ፓስፖርቱንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይዞ ባንኩን ስለ ጉዞ ምንዛሪና ካርድ መጠየቅ፣ ወይም የሚያርፍበትን ቤት ባለቤት ትኬቱን እንዲይዝለት መለመን። ሁለተኛው ከምታስቡት በላይ ይሠራል። በተለይ ላ ዲግ ላይ ማረፊያዎቹ አብዛኞቹ የቤተሰብ ስለሆኑ ባለቤቶቹ እንግዳቸው ወደብ ላይ እንዲቀር አይፈልጉም።

በአንድ ሳምንት ስንት ደሴት ማየት ይቻላል?

«ስንት» የሚለውን ብትተዉት ደስ ይለኛል። ጠዋት ከማሄ ተነስቶ፣ ፕራስሊን ጫካውን ጎብኝቶ፣ ከሰዓት ላ ዲግ ድንጋዮቹ መካከል ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ ማሄ መመለስ ይቻላል፤ የሚሸጡት አስጎብኚዎችም አሉ። በዚያ ቀን የምታዩት ግን በአብዛኛው ወደብ፣ ሰልፍና የሌላ ቱሪስት ጀርባ ነው። የፌሪው ክፍያ ውድ ስለሆነ አንዴ ከተሻገራችሁ እዚያው እደሩ።

እኔ ብመርጥ ሁለት ሌሊት ፕራስሊን፣ ሦስት ሌሊት ላ ዲግ፣ የቀረውን ማሄ አደርገዋለሁ። ማሄን የሚያስቀድሙ ሰዎች አሉ፣ ኪራዩም ምርጫውም እዚያ ይሻላል ይላሉ፤ እውነት ነው። ላ ዲግ ግን ጠዋት የመጀመሪያው ፌሪ ሳይገባና ማታ የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ሌላ አገር ናት፤ ያን የሚያገኘው እዚያ ያደረ ብቻ ነው።

ፕራስሊን ላይ ምን አለ?

ቫሌ ደ ሜ የሚባለው ሸለቆ። 20 ሄክታር የማይሞላ የዘንባባ ጫካ ነው፤ ዩኔስኮ በ1983 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዝናው ኮኮ ደ ሜር የሚባለው የዘንባባ ዛፍ ነው፤ በተፈጥሮ የሚበቅለው በመላው ዓለም ፕራስሊንና ጎረቤቷ ኩሪየዝ ላይ ብቻ ነው። በዕፅዋት ዓለም ትልቁ ዘር የእሱ ነው፤ መግቢያው ላይ እንድታነሱት የተቀመጠ ካገኛችሁ ሞክሩት፣ ትልልቁ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ያህል ይከብዳል። ፍሬው ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይወስድበታል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። የሴቷ ፍሬ ቅርፅ የሴት ዳሌ ይመስላል፤ የወንዱ አበባ ደግሞ ከክንድ የሚረዝም ወፍራም ዘንግ ነው። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ ከአማት ጋር የሄደ ሰው ወዴት እንደሚያይ ይቸግረዋል። ዘንጉ ላይ ዓይናችሁን ጥላችሁ ጥቂት ጠብቁ፦ ጣት የምታህል ብሩህ አረንጓዴ እንሽላሊት ከቢጫዎቹ ትናንሽ አበቦች መካከል ብቅ ብላ እየላሰች ታልፋለች።

ከላይ ነፋስ ሲነሳ ትልልቆቹ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲማቱ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚጎተት ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ። ጥቁር የሚባለው በቀቀን እዚህ ይኖራል፤ በእርግጥ ቡናማ ነው። የሚታየው በጠዋት ነው፣ መጀመሪያ ፉጨቱ ይሰማል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን፣ ኋላ ካርቱም ላይ የተገደለው፣ በ1881 እ.ኤ.አ. እዚህ ሸለቆ መጥቶ የኤደን ገነት ይህች ናት፣ ዕፀ በለሷም ኮኮ ደ ሜር ነች ብሎ ተከራክሯል። ይኸው ሰው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በግብፁ ገዥ በኬዲቩ ተልኮ ደብረ ታቦር ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ቀርቦ ሳይግባባ የተመለሰው ነው። ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የሚለውን ኦሪት እየሰማን ላደግን ለእኛ፣ ሰውዬው የገነትን አጥር ትንሽ አርቆ ያጠረው ይመስለኛል።

ከጫካው ሌላ አንስ ላዚዮ የምትባለውን የባሕር ዳርቻ እዩ። በሕዝብ አውቶቡስ እስከ ተወሰነ ቦታ ሄዳችሁ የቀረውን በእግር ነው፤ ታክሲ በሲሼልስ ውድ ነው።

ላ ዲግስ?

አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መኪና ጥቂት ነው፣ ሰው በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በሳይክል ነው። ከፌሪው ስትወርዱ ወደቡ ላይ የሳይክል አከራዮች ይቀበሏችኋል። ሐዋሳ ውስጥ ሳይክል ነድቶ ያደገ ሰው እዚህ ከአውሮፓ ቱሪስት ይበልጣል፤ ብቻ መንገዱ በግራ በኩል መሆኑን አይርሳ። የቀን ኪራዩ ከ100 እስከ 150 የሲሼልስ ሩፒ አካባቢ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጡ፣ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ከሆነ አስተካክሉት፣ የቁልፉን ነገር ጠይቁ። ማታ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ያዙ።

በጣም የታወቀችው ዳርቻ አንስ ሱርስ ዳርዣን ናት። መግቢያዋ ሉኒዮን እስቴት በሚባለው የድሮ የኮኮናት እርሻ በኩል ሲሆን ክፍያ አለው። ውስጡ የቫኒላ ተክል፣ በበሬ ይዞር የነበረ የኮኮናት ዘይት መጭመቂያና ግዙፍ ኤሊዎች አሉ። ዳርቻው ላይ ያሉት ግራጫና ሐምራዊ ድንጋዮች ተራ ድንጋዮች አይደሉም፤ ወደ 750 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ግራናይት ነው። አብዛኞቹ የውቅያኖስ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከኮራል ሲሠሩ፣ እነዚህ ግን አፍሪካና ሕንድ ሲለያዩ መካከል ላይ የቀረ የአህጉር ስባሪ ናቸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው የምድር መሰንጠቅ አዲስ ወሬ ባይሆንም፣ ስንጥቁ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የሚታየው እዚህ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የማረፊያችሁን ባለቤት ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁ። ውኃው ሲጎድል ለመዋኘት ያንሳል፤ ሲሞላ ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ይጠፋል። የሚሻለው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው።

በደሴቷ ማዶ ግራንድ አንስ አለች፤ ለመድረስ ዳገት አለው፣ የሐዋሳውን ታቦር ተራራ በእግሩ የወጣ ግን አይቸገርም። ውብ ናት፣ አደገኛም ናት። ውስጥ ውስጡን የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ ስላለ፣ በተለይ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባለበት ወቅት፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን እንደ ጌጥ አትዩት።

መዋኘት አልችልም። ልሂድ?

ሂዱ። አንስ ሱርስ ዳርዣን ፊት ለፊት የኮራል አጥር ስላለ ማዕበሉ እዚያ ይሰበራል፤ ወደ ዳርቻው ያለው ውኃ ጸጥ ያለና ብዙ ቦታ ከወገብ የማያልፍ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ ዓሦቹን በመነጽር ማየት ትችላላችሁ። ብቻችሁን ግን አትግቡ፤ ጠባቂ የሌለበት ዳርቻ ብዙ ነው።

ነሐሴ ላይ ብንሄድስ? ፍልሰታም አለ።

ነፋሱን ከላይ ተናግሬያለሁ። በዚህ ላይ የሲሼልስ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ስለሆነ ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ የእመቤታችንን ዕርገት ላ ዲግ ላይ በታላቅ ድምቀት ያከብራሉ። ከሌሎቹ ደሴቶች ሰው ይጎርፋል፣ ፌሪውም አልጋውም ይሞላል። ለማየት የሚያምር በዓል ነው፤ ለእኛ ግን የሚውለው ጾሙ መካከል ላይ ነው። እነሱ ሲፈስኩ እኛ እየጾምን መዋል እንግዳ ስሜት አለው።

የጾም ምግብ ይገኛል? በአጠቃላይስ ምን ይበላል?

ከምትፈሩት ይቀላል። ክሪዮል የሚባለው የአገሬው ወጥ ቤት የሚሠራው በቅቤ ሳይሆን በኮኮናት ወተት ነው። ምስር፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ የዳቦ ፍሬ (የዛፍ ፍሬ ነው)፣ የፓፓያ ሰላጣ ታገኛላችሁ። ላዶብ የሚባለው ሙዝ በኮኮናት ወተት፣ በስኳር፣ በቫኒላና በገውዝ የሚበስል ሲሆን ለጾመኛ የተሠራ ያህል ነው። ሙዙ እየለሰለሰ መረቁ ወፈር ሲልና ዳር ዳሩ ቡናማ ሲይዝ ነው የሚወጣው፤ ትኩሱን ከማንኪያ ላይ እፍ እያሉ መብላት ነው። ቅቤ ወይም ዓሣ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ ሁሉም ይሰማል።

ዓሣ የሚበላ ሰውማ ምኑ ይነገረዋል። አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶና አምባዛ እየመረጠ ላደገ ሰው የባሕሩ ዓሣ ሥጋው ጠንካራና ጨው የቀመሰ ይሆንበታል። የኦክቶፐስ ካሪ በኮኮናት አንዴ ቅመሱ። ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ውድ ስለሆነ ምሳ ከትናንሾቹ ተጠቅልሎ ከሚሸጥባቸው ቤቶች ግዙ። አንዳንድ ቦታ የሌሊት ወፍ ካሪ ስለሚቀርብ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሙስሊም ተጓዦች የአሳማ ሥጋ የተለመደ መሆኑን ይወቁ፤ ቪክቶሪያ ውስጥ መስጊድ አለ።

ገንዘብ፣ ስልክ፣ ሶኬት?

መገበያያው የሲሼልስ ሩፒ ነው፤ ዩሮና ዶላር ባንክና ምንዛሪ ቤት ይቀየራል፣ ብር አይቀየርም። ላ ዲግ ላይ ጥሬ ሩፒ በእጃችሁ ይኑር። ሲም ካርድ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይገኛል። ሶኬቱ የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስለሆነ የእኛ መሰኪያ አይገባበትም፤ አዳፕተር ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ማሄ ላይ የቀረችውን ቀን ምን እናድርግ?

ቪክቶሪያ በግማሽ ቀን ታልቃለች። ጠዋት ገበያው ውስጥ ዓሣና ቅመም እዩ፤ መሐል አደባባይ ላይ በ1903 እ.ኤ.አ. የቆመው ትንሽ የሰዓት ማማ አለ። እንግሊዞች ያልታዘዟቸውን የአፍሪካ ነገሥታት በግዞት የሚልኩት ወደዚህ ነበር፤ የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔና የቡኒዮሮው ካባሌጋ ለዓመታት እዚህ ተግዘዋል። ከሰዓት ቦ ቫሎን ሂዱና ዋኙ። ጉልበት ያለው ከከተማው በላይ ባለው የሞርን ሲሼልዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካሉት የእግር መንገዶች አንዱን ይያዝ፤ የተራራው ጫፍ 905 ሜትር ነው፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ገጽ እንኳ በእጅጉ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ግን ያስተነፍሳል።

ለቤተሰብ ምን ይዤ ልመለስ?

ቫኒላ፣ ቀረፋና የአገሩ ሻይ ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ አሉ። ኮኮ ደ ሜር መግዛት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ከመንግሥት ምልክቱና ከሰርተፊኬቱ ጋር ብቻ ይግዛ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው፣ ዋጋውም ብዙ መቶ ዩሮ ነው። ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥ አትግዙ፣ ከባሕሩም ኮራልና ዛጎል አታንሱ። ሻንጣው መመለሻ ላይ ይፈተሻል።